አሮጌ መኪና ሊፍት ላይ ከመስቀላችሁ በፊት ስሯን እዩ

ደሴም ኮምቦልቻም ወልድያም ሊፍት ያስገቡ ጋራዦች እየበዙ ነው፣ ጥሩ ነው፣ መሬት ላይ ካርቶን አንጥፎ በጀርባ መንፏቀቅ ቀረልን። ግን ሊፍት የገባ ሰሞን ሁሉም ሰው ስለ ሊፍቱ ብቻ ነው ሚጠይቀው፣ ስንት ቶን ያነሳል፣ የየት ሀገር ነው፣ ስንት ፈጀ ምናምን። ባለ ሁለት ምሰሶው ብዙውን ጊዜ ከ3.5 እስከ 4 ቶን ያነሳል፣ እላዩ ላይ ተለጥፏል። ዲኤክስ 1 ቶን አትሞላም፣ ላዳም 1 ቶን ገደማ ናት፣ ቮልስማ 800 ኪሎ አካባቢ ናት። ስለዚ ሊፍቱ ከብዳኝ ነው ብሎ አይጥላትም፣ ሚጥላት የራሷ ላሜራ ነው። ያ ሁሉ ክብደት የሊፍቱ አራት ክንዶች ሚነኩት አራት ነጥብ ላይ ብቻ ነው ሚያርፈው፣ እያንዳንዷ ነጥብ የእጅ መዳፍ ብታክል ነው፣ እና 40 ዓመት ዝናብና ጭቃ የጠጣ ላሜራ በዛች መዳፍ ላይ ሩብ ቶን ገደማ ሲጫነው መቻል አለመቻሉን ሳያይ በተን ሚጫን ሰው በሰው ነፍስ ቁማር እየተጫወተ ነው።

አዲስ መኪናን ተዉት። አዲስ መኪና የሊፍቱ ክንድ የት እንደሚገባ መጽሐፉ ላይ ተስሏል፣ ላሜራውም ሙሉ ነው፣ ታስገባለህ ታነሳለህ በቃ። አሮጌዋ ላይ ግን መጽሐፉ እዚ ጋር አንሳ ያለህ ቦታ ድሮ በስብሶ፣ በስቱኮ ተደፍኖ፣ ሁለቴ ቀለም ተቀብቶበት ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ መኪናዋ የት እንደኖረች ጠይቁ። ባለቤቱን አናግሩት፣ ቡና አስመጡለትና አስወሩት፣ መኪናውን ሚወድ ሰው ታሪኳን አይደብቅም። ደሴ ውስጥ ደጅ ስታድር የኖረች መኪና ክረምቱን ሙሉ ጭጋግና ካፊያ ስለማይለቃት ስሯ አይደርቅም፣ ኮምቦልቻ ወረድ ሲል ሞቅ ስለሚል ትንሽ ይሻላል። ከሁሉም የከፋው ጨው ነው። በባቲ አርጎ ወደ ሚሌ እየወረደ ከአፋር ጨው ሲያመላልስ የኖረ ፒካፕ ወይ አይሱዙ ከመጣ ከመጀመሪያውኑ ጠርጥሩት። ጨው እርጥበት ይስባል፣ በሻንሲው፣ ማለት ቦዲውን በሚሸከመው የብረት አጥንት፣ ቀዳዳ ይገባና ከውስጥ ወደ ውጪ ነው ሚበላው፣ ከውጪ ስታየው ቀለሙ እንኳን አልተነሳም፣ በካቻቢቴ ጫን ስትለው ግን ጥልቅ ይላል።

ሁለተኛ ነገር፣ ስሯ ጥቁር ሆኖ ያማረ መኪና አያጓጓችሁ። ለሽያጭ የተዘጋጀች መኪና ብዙ ጊዜ ስሯ ካትራሜ ወይ ወፍራም ጥቁር ቀለም ተለቅልቆ ነው ምትመጣው፣ ያ ነገር በጊዜው በጤናማ ብረት ላይ ከተቀባ መከላከያ ነው፣ ዝገት ላይ ከተቀባ ግን እርጥበቱን ውስጥ ቆልፎበት እንዲያውም ያባብሳል፣ ለእናንተ ደግሞ ማየት ምትፈልጉትን ይሸፍንባችኋል። እኔ ስሯ ቆሻሻ የሆነ መኪና ይሻለኛል፣ ቢያንስ አትዋሽም።

ስለዚ መጀመሪያ ላቫጆ። ጭቃው በደንብ ይውጣ፣ በተለይ ከጎማው በላይ ያለው የፓራፋንጎ ውስጥና ከበር ስር ያለው ክፍት ቦታ፣ እዛ የተጋገረ ጭቃ ዓመቱን ሙሉ ርሶ ነው ሚቆየው። ከዛ ይድረቅና ፍተሻው ይጀመር። ታዲያ ሳትሰቅሉ እንዴት ነው ስሯን ምታዩት? ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ጉድጓድ ላይ ያቁማት፣ የሌለው በላቫጆ የሲሚንቶ መወጣጫ ላይ ይያት፣ እሱም ከሌለ ግማሽ ግማሹን በክሪክ አንስቶ ካቫሌቶ (የብረት ማቆሚያ) ላይ አርጎ ይያት። ጉድጓድ ስትገቡ ግን የቤንዚን ሽታ ካለ አትግቡ፣ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ታች ነው ሚተኛው፣ ሞተርም እያስነሳችሁ ጉድጓድ ውስጥ አትቀመጡ።

ፍተሻው ውድ እቃ አይፈልግም። ካቻቢቴ፣ ቀጭን መዶሻ፣ የእጅ ባትሪ፣ ከተበላሸ ስፒከር የተፈታ ማግኔት። በመዶሻው ቀስ እያላችሁ ከፊት ጎማ ጀርባ እስከ ኋላ ጎማ ፊት ድረስ መታ መታ እያረጋችሁ ሂዱ። ጤነኛ ላሜራ ይጮሃል፣ ድምፁ ይጠራል፣ የበሰበሰው ጋር ስትደርሱ ድምፁ ይታፈናል፣ ጆሯችሁ ወዲያው ይለየዋል። እዛ ጋር ማግኔቱን አስጠጉት፣ ካልያዘ ስቱኮ ነው፣ ላላ አርጎ ከያዘ ስስ ብረት ላይ የተለጠፈ ስቱኮ ነው። ከዛ በካቻቢቴው ጫፍ ጫን። ባለቤቱ "ኧረ መኪናዬን ቀዳችሁት" ብሎ ከተቆጣ፣ ጋሼ እኛ አልቀደድነውም ተቀዶ ነው የመጣው በሉት፣ ካቻቢቴ በእጅ ግፊት የቀደደውን ላሜራ የሊፍት ክንድ ምን እንደሚያረገው አሳዩት። አንዳንዱ ሲነካ እንደ ደረቅ ቂጣ ነው ሚፈረፈረው፣ ያኔ ባለቤቱም ዝም ይላል።

ሻንሲ ያላቸውና የሌላቸውን መለየት ደግሞ ግዴታ ነው። ላንድሮቨር፣ ላንድክሩዘር፣ ፒካፕ፣ አይሱዙ ሻንሲ አላቸው፣ ክንዱ ሻንሲው ላይ ነው ሚያርፈው። ዲኤክስ፣ ላዳ፣ ፔጆ 404 ሻንሲ የላቸውም፣ ቦዲው ራሱ ነው ሻንሲው፣ ጉልበቷ ያለው ከበሩ ስር ባለው ባዶ ሳጥን ላሜራና ከወለሉ ጋር በተበየደው ጠርዝ ላይ ነው፣ እሱ ከበሰበሰ መኪናዋ ወገብ የላትም ማለት ነው።

የድሮ ላንድሮቨር ላይ ሰው ሁሌ ይሸወዳል። ቦዲው በብዛት አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም፣ ከላይ ስታየው ዛሬ የወጣ ነው ሚመስለው፣ ሻንሲው ግን ብረት ነው፣ ባዶ ሳጥን ነው፣ ውስጡ ውሃ ይቋጥራል። በተለይ ከዋናው ሻንሲ ወደ ጎን ወጥተው ቦዲውን ሚሸከሙት አጫጭር ክንዶች ቶሎ ይሄዳሉ፣ ሊፍት ላይ ደግሞ ክንዱ እዛ ጋር በቀላሉ ስለሚደርስ እጅ ወደዛ ይሄዳል። እነሱን ተዉ፣ ዋናውን ሻንሲ ፈልጉ፣ እሱንም መታ መታ አርጋችሁ።

ቮልስ ሌላ ዓለም ናት። ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ስር በቀኝ በኩል ነው ያለው፣ ዕድሜ ልኩን አሲድ ሲንጠባጠብ እዛ ጋር ያለው ወለል ብዙ ጊዜ አልቋል፣ ምንጣፉን ገልጣችሁ ከላይም እዩት። በጎን በኩል የፋብሪካው ክሪክ ሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ፣ እነሱን እርሷቸው፣ አብዛኞቹ ቮልሶች ላይ ለስም ነው ያሉት። ከፊት ሁለቱ ቱቦ ያለው የፊት አክስል፣ ከኋላ ደግሞ የቶርሽን ባሩ (በሞላ ፈንታ ሚጠመዘዘው ብረት) ቱቦ ጫፍ ጤነኛ ብረት ነው፣ እነሱ ላይ እንዲያርፍ አርጉ። ሞተሯ ኋላ ስለሆነ ከግማሽ በላይ ክብደቷ ኋላ ነው፣ እንደ ዲኤክስ ገፍታችሁ አስገብታችሁ ካነሳችኋት ቂጧ ወደታች አፍንጫዋ ወደ ላይ ማለት ነው።

ሚኒባስ በተቃራኒው ሞተሯ ከፊት ወንበር ስር ስለሆነ ወደ ፊት ትከብዳለች። ረጅም ስለሆነች ክንዱ ጥሩው ቦታ ላይ አልደርስ ሲል ለጥጦ ጫፍ ላይ ብቻ ማስያዝ አለ፣ አታርጉት። ደግሞ ፖርቶመጋላዋን ቀና ብላችሁ እዩ፣ ጭነት ካለ ይውረድ፣ ጭነት ባይኖርም የጣሪያችሁን ቋሚና ማገር ለክታችሁ ነው ምታነሱት።

ጭነት ካልኩ አይቀር፣ የኋላ ኮፈኑንም ከፍታችሁ እዩ። የገጠር ደንበኛ ኮፈን ውስጥ ግማሽ ኩንታል ጤፍ፣ ሁለት ትርፍ ጎማ፣ የውሃ ጀሪካን ምናምን ይዞ ነው ሚመጣው፣ እሱ ሁሉ ከኋላ ጎማ ጀርባ የተንጠለጠለ ክብደት ነው። ሙሉ ነዳጅም እንደዛው፣ 40 ሊትር ቤንዚን 30 ኪሎ ገደማ ነው። ይውረድ ሚወርደው፣ ነዳጁን ደግሞ አስቡት።

ሰው መኪና ውስጥ ሆኖ አይሰቀልም። ይሄን መናገር ራሱ ያሳፍራል ግን ግድ ነው፣ ምክንያቱም ደንበኛ ሽማግሌ ሲሆን መናገር እናፍራለን። ሀጂ ከፊት ወንበር ቁጭ ብለው መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ፣ "ሀጂ ይውረዱልኝ እስቲ" ስትላቸው፣ "ኧረ ልጄ እኔ ምን እመዝናለሁ፣ አብሽር አንሳው" ይሉሃል። ክብደታቸው አይደለም ጉዳዩ፣ ላይ ሆነው በር ከፍተው ሊወርዱ ይችላሉ፣ ወደ ኋላ ዞር ሲሉም መኪናዋን ያወዛውዟታል። ጥላ ስር ወንበር አውጥቶ፣ ሻይ አዝዞ፣ እጃቸውን ይዞ ማስወረድ ነው። ሀጂ ካልወረዱ በተኑ አይነካም፣ በቃ።

አሁን ወደ ሊፍቱ። መኪናዋን ከመንካታችሁ በፊት ሊፍቱን ባዶውን አንድ ጊዜ ወደ ላይ አውጥታችሁ መልሱት፣ ድምፁን ስሙ። ካቦው የተበጣጠሰ ሽቦ አውጥቷል ወይ፣ የሁለቱም ምሰሶ ክንዶች እኩል ይሄዳሉ ወይ፣ ዘይት ያንጠባጥባል ወይ፣ ክንዶቹ ጫፍ ላይ ያሉት ጎሚኒዎች (የጎማ ማረፊያዎች) አልቀው ብረቱ ወጥቷል ወይ። ካቦውን በባዶ እጅ እንዳትዳብሱት፣ በጨርቅ ነው። እያንዳንዱ ክንድ ስሩ ላይ ጥርስ ያለው ሎክ አለው፣ ክንዱ ሲነሳ ይቆለፍና ወደ ጎን እንዳይሸሽ ይይዘዋል። አንድ ጋራዥ ውስጥ የአንዱ ክንድ ሎክ ተሰብሮ በሽቦ ታስሮ ሲሰራ አይቻለሁ፣ ባለቤቱም "ምንም አይልም ለምደነዋል" ነው ያለኝ። ሽቦ ሩብ ቶን አይይዝም፣ መለማመዱ ደግሞ ለብረት አይገባውም።

ወለሉም የሊፍቱ አካል ነው። ባለ ሁለት ምሰሶ ሊፍት መኪናውን ሚይዘው ሲሚንቶው ውስጥ በገቡት ብሎኖች ነው፣ ሲሚንቶው ስስ ከሆነ ወይ ከተሰነጠቀ ምሰሶው ወደ ውስጥ ይተኛል። ፋብሪካው ያዘዘውን ውፍረት መጽሐፉ ላይ እዩ፣ ከዛ አታሳንሱ። አዲስ ከተሞላ ደግሞ ኮንክሪት ሙሉ ጥንካሬውን ሚይዘው 28 ቀን አካባቢ ላይ ነው፣ በሳምንቱ ብሎን መትታችሁ መኪና አትስቀሉ። እኛ ሀገር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፣ ደሴ ተዳፋት ስለሆነች አብዛኛው ጋራዥ ግማሹ ተቆፍሮ ግማሹ ተደልድሎ ነው ሜዳ የሆነው፣ ምሰሶው በተደለደለው በኩል ከዋለ ከጊዜ በኋላ ይሰምጣል። ሜዳው ላይ፣ በቦርከና በኩል፣ ዋልካ አፈር ካለ ደግሞ ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ ወለሉን ያንቀሳቅሰዋል፣ መሠረቱ ያን አስቦ ካልተሰራ ሊፍቱን ባታስገቡት ይሻላል። በየወሩ ብሎኖቹን በቁልፍ ሞክሯቸው፣ ውሃ ልክም አስቀምጡበት።

መኪናዋን ማስገባት፣ ቀጥ ብላ ትግባ፣ ሁለቱ ምሰሶ መሃል ላይ ሚውለው የመኪናዋ ርዝመት መሃል ሳይሆን የክብደቷ መሃል ነው። ከፊት ሞተር ላላት መኪና የክብደቷ መሃል ከርዝመቷ መሃል ትንሽ ወደ ፊት ነው፣ ቮልስ ላይ ወደ ኋላ። ማርሽ አስገቡ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ የአሮጌ መኪና የእጅ ፍሬን ደግሞ ስለማይታመን ጎማው ስር ታኮ (ሽብልቅ) አድርጉ፣ መሬት ላይ እስካለች ድረስ። ደሴ ላይ ታኮ የሌለው ጋራዥ ጋራዥ አይደለም።

ክንዶቹን አስገቡና ጎሚኒዎቹን እያዞራችሁ አራቱም እኩል እንዲነኩ አርጓቸው። አንዱ ቀድሞ ከነካ እሱ ለብቻው ይጫነዋል፣ መኪናዋንም ያጣምማታል። ቁመት ካነሰ የሊፍቱን የራሱን ማስረዘሚያ ተጠቀሙ፣ ፒካፕ ላይ ያስፈልጋል። የእንጨት ቁራጭ፣ ድንጋይ፣ የጎማ ቁራጭ መደራረብ የለም፣ ይንሸራተታል። ክንዱ የፍሬን ቱቦ፣ የነዳጅ ቱቦ፣ ማርሚታ ላይ አለማረፉን ተንበርክካችሁ እዩ፣ አሮጌ መኪና ላይ የነዳጅ ቱቦው አንድ ጊዜ ተቀይሮ ፋብሪካው ባላሰበው መንገድ ሄዶ ታገኙታላችሁ።

ከማንሳታችሁ በፊት በሮቹን ዝጉና በበሩና በቦዲው መካከል ያለውን ክፍተት በአይናችሁ ያዙት። ይሄ ሻንሲ ለሌላት መኪና ትልቁ ምልክት ነው። አሁን አንሱ፣ ግን ጎማዎቹ ከመሬት 10 ወይ 15 ሳንቲ ሜትር እንደራቁ አቁሙ። እዚች ጋር ነው ሚቸኮለው፣ እዚች ጋር ነው ደግሞ መቸኮል የሌለበት። ከስር ሳትገቡ ቆማችሁ ዙሩዋት። ክፍተቱ ከነበረው ተለውጧል፣ ከላይ ወይ ከታች ጠቧል ወይ ሰፍቷል? ወይ በሩን ስትከፍቱት አልዘጋ አለ? ወገቧ እየተጣጠፈ ነው፣ አውርዷት። ጎሚኒው ላሜራው ውስጥ እየሰመጠ ነው? የዝገት ፍርፋሪ ወለሉ ላይ እየወረደ ነው? "ከርር" ሚል ድምፅ አለ? አውርዷት። ከፊት ፓራውልቱን ወይ ሚያስይዝ ጠንካራ ቦታ ይዛችሁ ነቅነቅ፣ ከዛ ከኋላ። መነቅነቁ ልክ ነው፣ ግን ክንዱ ላይ መንሸራተት ካለ ወይ አንዱ ጫፍ በቀላሉ ቀለል ብሎ ከተነሳ ክብደቱ አልተመጣጠነም ማለት ነው፣ ወርዳ ወደፊት ወይ ወደኋላ ትገፋና እንደገና።

እዛው ከፍታ ላይ ትንሽ ተዋት። የበሰበሰ ብረት አንዳንዴ ወዲያው አይሰበርም፣ ቀስ ብሎ ነው ሚሰጠው። እቃችሁን አዘጋጁ፣ ስልክ አንሱ፣ መልሳችሁ አራቱንም ነጥብ እዩ። ምንም ካልተለወጠ አሁን ወደ ላይ።

ስራ ከፍታ ላይ ስትደርስ ሁለቱም ምሰሶ ላይ የሴፍቲው ቀጭታ መሰማት አለበት፣ የአንዱ ብቻ አይበቃም። ከሰማችሁ በኋላ ትንሽ ዝቅ አርጋችሁ ሴፍቲው ላይ አሳርፏት። ብዙ ልጆች ይሄን ይዘሉታል፣ ያው ቆማለች አይደል ይላሉ። የቆመችው በዘይት ግፊት ነው፣ አንድ ቱቦ ቢፈነዳ ወይ ቫልቩ ቢያሳልፍ ትወርዳለች። ሴፍቲው ላይ ስታርፍ ግን ብረት በብረት ነው የያዛት። መብራት ደግሞ በኛ በኩል መች እንደሚሄድ አይታወቅም፣ መብራት ሲሄድ ሴፍቲ ላይ ያረፈች መኪና ምንም አትሆንም፣ እዛው ታድራለች እንጂ። ከሴፍቲው ለማላቀቅ መጀመሪያ ትንሽ ከፍ ማለት አለባት፣ ለሱ ደግሞ መብራት ወይ ጄኔሬተር ያስፈልጋል። በብረት ሴፍቲውን እያስለቀቃችሁ ለማውረድ እንዳትሞክሩ፣ ደንበኛው ነገ ይምጣ።

ከስር ስትገቡ። መጀመሪያ የተንጠለጠሉትን እግሮች እዩ። አሮጌ መኪና ላይ ሾኩ ከተበጠሰ አክስሉን ሚይዘው ስለሌለ ከልክ በላይ ይወርድና የፍሬኑ የጎማ ቱቦ ይወጠራል፣ የደረቀ ቱቦ ከሆነ ውስጡ ይሰነጠቅና ከሳምንት በኋላ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ነው ሚያሳይህ። ላዳ ላይ ደግሞ የኋላ ሾክ ስትፈታ ሞላው ሊወጣ ስለሚችል አክስሉን በማቆሚያ ደግፈህ ነው ምትፈታው። ባትሪውን ንቀል፣ መብራትህ ኤልኢዲ ይሁን፣ ድሮ ሚንጠለጠለው አምፖል ቤንዚን ሲንጠባጠብበት ይፈነዳል፣ እሳት የሚያስነሳውም እሱ ነው። ብየዳ ካለ ነዳጅ ታንከሩ ይፈታ፣ ወንበርና ምንጣፍ ይውጣ።

ከባድ ነገር ከመፍታትህ በፊት አስብ። ሞተርና ካምቢዮ ከፊት ካወጣህ አፍንጫዋ ቀለለ፣ ቂጧ ይከብዳል። ዲፈረንሻል ካወጣህ ተቃራኒው ነው። አነሳሷ ላይ ተመጣጥና የነበረች መኪና ስራው መሃል ላይ ሚዛኗ ይቀየራል፣ ስለዚ ረጅሙን ማቆሚያ ሚቀለው ሳይሆን ሚከብደው ጫፍ ስር አስገብተህ ነው ምትፈታው፣ ወይ በማሰሪያ ከክንዱ ጋር ታስራታለህ። ሌላው የኛ ጉድ ቱቦ ነው። የዛገ ብሎን እምቢ ሲል ቁልፉ ላይ የ1 ሜትር ቱቦ ሰክቶ ባለ በሌለ ኃይል መጎተት። መሬት ላይ ያለች መኪና ትችለዋለች፣ የተሰቀለች መኪና ግን በዛ መንገጫገጭ ከጎሚኒው ትወርዳለች። የሚያላቅቅ ዘይት ከማታው ንፋበት፣ ግድ ከሆነ አሙቀው፣ አልሆን ካለ ቁረጠው፣ የጎማ ብሎን ደግሞ መሬት ላይ እያለች ነው ሚላላው። ከምሳ በኋላ በምርቃና ሰዓት ሰው ጉልበቱ እጥፍ ይመስለዋል፣ እንደዚህ አይነቱን ስራ ጠዋት ጨርሱት።

ምትሸሸው ወዴት እንደሆነ አስቀድመህ እወቅ። መኪና መንሸራተት ስትጀምር ሚይዛት ሰው የለም፣ ሁለት ሰውም አራት ሰውም አይይዛትም፣ ልቀቅና ሂድ። ለዛ ነው ከስር ዘይት የተደፋበት ወለል፣ የተዘረጋ ኤሌክትሪክ ገመድ፣ ቁልፍ የሞላ ሳጥን መሃል መንገድ ላይ መኖር የሌለበት።

ሊፍት የሌለው ጋራዥ ደግሞ ያው ክሪክና ካቫሌቶ ነው። ክሪክ ማንሻ ነው፣ መያዣ አይደለም፣ ክሪክ ብቻ ላይ ከቆመች መኪና ስር ጭንቅላት አይገባም። ብሎኬት ከሁሉም የከፋ ነው፣ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሳይሰነጠቅ ሳያስጠነቅቅ አንዴ ነው ሚደቀው፣ ወሎ ውስጥ ግን ከብሎኬት በላይ ሚታመን ካቫሌቶ የለም መሰለኝ፣ የትም ሂድ ቮልስ ብሎኬት ላይ ቁጭ ብላ ታያለህ። ካቫሌቶ በያጅ ማሰራት ይቻላል፣ ግን እግሩ ሰፊ ይሁን፣ ቁመቱን ሚይዘው ፒን ወፍራም ብረት ይሁን እንጂ ሚስማር አይሁን። ተዳፋት ላይ በፍጹም አይሰራም፣ ሜዳ ፈልጉ፣ ማይነሱት ጎማዎች ላይ በሁለቱም በኩል ታኮ።

ማውረድ። እቃ ሁሉ ከስር ይውጣ፣ ማቆሚያው ይውጣ፣ የዘይት በርሜል ይገፋ፣ ህፃናትና ቁጭ ብለው ሚያወሩ ደንበኞች ይራቁ። አንዴ ከፍ አርጉ፣ ሁለቱም ሴፍቲ መላቀቁን በአይን እዩ፣ አንዱ ሳይላቀቅ ካወረዳችሁ በአንድ ጎን ትንጠለጠላለች። ቀስ ብላ ትውረድ፣ የጫማችሁን ጫፍ አስቡ። ጎማ መሬት ሲነካ ታኮ፣ ከዛ አራቱንም ክንድ ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ ነው መኪናዋ ምትነሳው። ቮልስ ከሆነች አትደንግጡ፣ የኋላ ጎማዎቿ ስትሰቀል ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፣ መሬት ስትነካም እንደታጠፉ ቂጧ ከፍ ብሎ ትቆማለች፣ ትንሽ ወደፊት ወደኋላ ስትገፏት ትመለሳለች። በዛ ሁኔታ እያለች ግን ፍጥነት አይነዳባትም።

መጨረሻ ላይ ያየናቸውን ጤነኛ ነጥቦች ስሯ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አርጉባቸው፣ የበሰበሱትን በቀይ። ሚቀጥለው መካኒክ እናንተ ባትሆኑም ያየዋል። ለባለቤቱም የቀዩን ፎቶ በስልኩ ላኩለት፣ ማስበየድ ከፈለገ ፓች ሚለጠፈው ዝገቱ ተቆርጦ ወጥቶ ጤነኛ ብረት ላይ ሲደርስ ነው፣ ዝገት ላይ የተለጠፈ ፓች ከላሜራው ጋር አብሮ ነው ሚወርደው። "አሁን ገንዘብ የለኝም፣ ዝም ብላችሁ ፍሪሲዮኑን ብቻ ስሩልኝ" ካለ፣ ባለ አራት ምሰሶ ሊፍት በጎማዋ ስለሚሸከማት እሱ ያለው ጋራዥ ላኩት፣ ወይ ራሳችሁ ጉድጓድ ላይ ስሩላት። ባለ ሁለት ምሰሶው ላይ ግን አትስቀሏት፣ ዘመድም ቢሆን።